ግማሽ ፊት

ፎቶው እንደገና ነጭ ሆኖ ወጣ።

የኔአለም ላፕቶፑን ከመስኮቱ መለስ አደረገችው፤ ምናልባት የብርሃን ነጸብራቅ ይሆናል ብላ። አልነበረም። ጌሙ ውስጥ ሰውዬው ጮቄ ተራራ ላይ፣ በረጃጅሞቹ የጅባራ ተክሎች መካከል፣ የጠዋት ፀሐይ ፊቱን እየመታው ቆሟል። ካሜራውን ወደ ፊቱ ታስጠጋለች፤ ቁልፉን ትጫናለች፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ፎቶዎቹ የሚቀመጡበትን ፎልደር ስትከፍት የሚጠብቃት ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ የመሰለ ነጭ ነገር ነው። ፊት የለ፣ ተራራ የለ፣ ሰማይ የለ።

«አሁንስ?» አሉ ወይዘሮ የብርጓል ከአልጋው ጫፍ ተቀምጠው።

«አሁንም ያው ነው፣ እማዬ።»

«ምኑ ነው ያው?»

«ፎቶው እምቢ አለ።»

«ይኸው ቆሞ እያየሁት!» ጣታቸው ስክሪኑን ሊነካ ደረሰ። «ቆሞ የሚታይ ሰው ፎቶው እምቢ የሚለው ምን ሆኖ ነው?»

የኔአለም ጌሙን ዘግታ እንደገና አስነሣችው።

ወይዘሮ የብርጓል የባሏ እናት ናቸው። ልጃቸው የሺዋስ ለጸበል ከገባበት ቦታ መጥፋቱን የሰሙ ዕለት አንዲት ፌስታል አንጠልጥለው ከደብረ ኤልያስ መጡ፤ ለአንድ ሁለት ቀን ብለው። መስከረም አለቀ፣ ጥቅምት ተጋመሰ፣ ይኸው ደብረ ማርቆስ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከምራታቸው ጋር አንድ አልጋ ላይ ያድራሉ። ሁለቱ ሴቶች ስለ የሺዋስ ብዙም አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ካሜራው ነው።

የሺዋስና የኔአለም የተዋወቁት ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ነው። እሱ ኮምፒውተር ተማረ፣ እሷ ሥነ ሕንፃ። ከተጋቡ በኋላ ቀን ቀን እሱ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ይጠግናል፣ እሷ የቤት ፕላን ትሠራለች፤ ማታ ደግሞ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጌም ይሠራሉ። በጌሙ ውስጥ አንድ ሰው ካሜራ አንግቶ ጮቄን ይዞራል። ወፍ ያነሣል፣ አበባ ያነሣል፣ ጉም ሲወርድ ያነሣል። መተኳኮስ የለ፣ መሯሯጥ የለ። «ይህን ማን ይጫወተዋል?» ይል ነበር የየሺዋስ ታናሽ ወንድም እንዳላማው በመጣ ቁጥር። «ቢያንስ ጅብ አስገቡበት እንጂ!» ለሰውዬው ፊት ሲፈልጉ ሌላ ሰው ከመለመን ብለው የየሺዋስን ፊት ሰጡት። የኔአለም ባሏን ወንበር ላይ አስቀምጣ በስልኳ ዙሪያውን አነሣችው፤ ከፎቶዎቹ የፊቱን ቅርጽ አውጥታ፣ አለስልሳና አስተካክላ ለጌሙ ሰው አለበሰችው።

ከዚያ ታመመ። ለበሽታው ሐኪሙ የጻፈላት ስም አለ፤ እሷ ግን ያንን ስም በአፏ ጠርታው አታውቅም። ሲጀምረው በፎቶዎቼ በኩል የሚያዩኝ ሰዎች አሉ አለ። ፎቶዎቹን ከስልኩ አጠፋ። እሷ ሥራ ስትውል ያጠፋው የኮምፒውተሩን ነው፤ ፊቱን ያነሣችባቸው ፎቶዎችም አብረው ሄዱ። የሷንም ስልክ አላስተረፈም። የሠርጋቸውን አልበም ጓሮ ወስዶ አቃጠለው። የሠርጉን ፎቶ ያነሣው ፎቶ ቤት ከተዘጋ ቆይቷል። መታወቂያው አብሮት ጠፍቷል። እናቱ ዘንድ በቀረችው ጉርድ ፎቶ ላይ ያለው የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ ነው።

ጌሙን ግን አልነካውም። ለምን እንዳልነካው የኔአለም ደጋግማ አስባበታለች። ምናልባት ያ ሰው እሱ መሆኑን አላወቀ ይሆናል።

ያለ ፎቶ የወጣው የመጀመሪያው አፋልጉኝ አንድም ሰው አላስደወለም። «ቁመቱ መካከለኛ፣ መልኩ ጠይም፣ ዕድሜው ሠላሳ ገደማ» ብሎ አነበበው እንዳላማው ጮክ ብሎ። «እታለም፣ ይህማ እኔም ነኝ። ግማሹ ጎጃም ነው። ሰው ማንን ይዞ ማንን ይለቃል?»

እውነቱን ነበር። ስለዚህ ፎቶ ያስፈልግ ነበር፤ በዓለም ላይ የቀረው የየሺዋስ ፊት ደግሞ ጌሙ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ያም ቢሆን በቀላሉ የሚገኝ አልሆነም። ሲጫወቱት ሰውዬው የሚታየው ከጀርባው ነው፤ ዞሮ ቢቆም እንኳን የሷ ላፕቶፕ አቅም ስለሌለው እንዳይንቀራፈፍ ብሎ ፊቱን ያደበዝዘዋል። እንዳላማው ስክሪኑን በስልኩ አንሥቶት ነበር፤ እናቱ አይተው «ይህ የጭቃ አሻንጉሊት ነው» አሉ። ቆዳውን፣ የጢሙን ብቅታ፣ የዐይኑን እርጥበት ሳይቀር አሟልቶ የሚያወጣው ጌሙ ውስጥ ያለው የፎቶ ካሜራ ብቻ ነው። ያ ካሜራ ደግሞ የሺዋስ ከመታመሙ በፊት በመጨረሻ የነካው ሥራ ነበር። አንድ የማያውቁት ፈረንጅ ሠርቶ ኢንተርኔት ላይ በነጻ የለቀቀውን ወስዶ ከጌማቸው ጋር ሰፋው። ሰፍቶ ሳይሞክረው ታመመ።

የኔአለም ኮድ ጸሐፊ አይደለችም፤ እያነበበች ትረዳለች እንጂ። አሁን ግን የባሏን ኮድ መስመር በመስመር ታነበው ጀመር። የሺዋስ ሲጽፍ በየመሀሉ በአማርኛ ማስታወሻ የመተው ልማድ ነበረው። አብዛኛው ለራሱ ነው፤ «ይህን በኋላ አሳጥረው»፣ «ይህ ለምን እንደሚሠራ አላውቅም፣ ግን ይሠራል»። አንዱ ቦታ ላይ «የኔዬ፣ ይህን ከመንካትሽ በፊት ጥሪኝ» ይላል። እሷም ነካችው።

የጌሙን ፀሐይ አደበዘዘቻት፤ ሰማዩ ጠቆረ፣ ሰውዬው ጥላ መሰለ፣ ፎቶው ግን ነጭ ነው። ጉሙን አጠፋች። የካሜራውን ሌንስ ቀየረች። ፎቶው የሚቀመጥበትን የፋይል ዓይነት ቀየረች። ካሜራውን ከነጭራሹ ነቅላ እንደ አዲስ ሰፋችው። በያንዳንዱ ለውጥ ላፕቶፑ ረጅም ጊዜ እያጓራ ያስባል፤ መሀል ላይ መብራት ይሄዳል፤ መብራት ሲመጣ ኢንተርኔት የለም፤ የምትጠይቀው ሰው የለም። ጌሙን እንደ አዲስ ስታስነሣው ሰውዬው ሁልጊዜ ጠዋት ላይ፣ ያው ቦታ፣ ያው ጅባራ ሥር ቆሞ ይጠብቃታል። ቀጭ። ነጭ።

«ሌላ ካሜራ አይገዛም?» አሉ ወይዘሮ የብርጓል አንድ ቀን።

«የሚገዛ አይደለም እማዬ። እውነተኛ ካሜራ አይደለም።»

«እውነተኛ ካልሆነ ታዲያ ምን አድርጊ ብሎ ያስቸግርሻል?»

የሚካኤል ዕለት ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊቷ ቆሙ። «ተነሺ፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሰን እንምጣ። እሱ እንደሆነ ቆሞ ይጠብቅሻል። ይህኛው እንኳን የትም አይሄድም።»

ጌሙን ሳትዘጋው ወጣች። ሲመለሱ ላፕቶፑ ግሏል፤ ጌሙ ውስጥ ቀኑ አልፎ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። የኔአለም ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ ቁጭ ሳትል፣ እንደ ልማድ ቁልፉን ተጫነች። ፎልደሩን ከፈተች።

ፊት ነበር።

ከግማሹ በላይ ጥላ ያረፈበት፣ ነገር ግን ፊት። አፍንጫው፣ ግንባሩ፣ ከንፈሩ። እንደገና ብታስነሣው፣ በጠዋቱ ጀምራ ብታነሣው ግን ተመልሶ ነጭ ሆነ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ጥግ ላይ ያለውን የጌሙን ሰዓት አየች። ሦስት ሰዓት ይላል። ቀደም ሲል ፊቱ ሲወጣላት ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

የሺዋስ የጌሙን ፀሐይ ያስኬዳት እሱ በሚያውቀው ሰዓት ነው፤ ሲነጋ ቀኑ ይጀምራል፣ ስድስት ሲሆን ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች። ካሜራውን የሠራው ሰውዬ ደግሞ በራሱ አገር ሰዓት ነው የሚያስበው፤ ለሱ ሦስት ሰዓት ጎህ እንኳን ያልቀደደበት ጨለማ ነው። ስለዚህ የጮቄ ፀሐይ ፊቱን እያቃጠለው ሳለ ካሜራው ጨለማ መስሎት ዐይኑን እስከ መጨረሻው ይበረግዳል፤ ብርሃኑ ሁሉ ገብቶ ሁሉንም ያነጣዋል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ለሱም ቀን ነው፣ ለኛም ቀን ነው።

የኔአለም ሳቀች። ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ምን አገኘሽ?» አሉ ወይዘሮ የብርጓል ተደናግጠው።

«ፈረንጁ ጠዋቱን ሌሊት መስሎት ነው፣ እማዬ።»

«ምን ዓይነቱ ዕውር ነው! ፀሐይ አያይም?»

«ፀሐይ አያይም። ሰዓት ነው የሚያየው።»

አንድ መስመር ጨመረች፤ ካሜራው ሰዓት ሲጠይቅ ስድስት ተደምሮ እንዲነገረው። አስነሣችው። ጠዋት ነው፣ ጅባራው ሥር ነው። ቀጭ።

የሺዋስ ከስክሪኑ አያት። የጠዋት ብርሃን ጉንጩ ላይ ተኝቷል። ሁለቱ ዐይኖቹ እኩል ተከፍተው፣ ንጹሕ ሆነው፣ ረግተው ያያሉ። ከንፈሩ ልክ ነው። ፍርሃት የለበትም። ወይዘሮ የብርጓል ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆዩና «ልጄ ድኖልኛል!» አሉ። የኔአለም አላረመቻቸውም። እሷም ያሰበችው ያንኑ ነበር፤ ከመታመሙ በፊት እንዲህ ነበር ብላ።

አፋልጉኙ በፎቶ ወጣ። እንዳላማው ወረቀቱን በመናኸሪያው፣ በየሾፌሩ እጅ፣ ወደ ባሕር ዳርም ወደ አዲስ አበባም በሚሄደው መኪና ሁሉ ላከው። በፌስቡክም ለቀቁት። አሁን ስልኩ ይጮህ ጀመር። አንዱ ቁይ ከተማ ገበያ ላይ አየሁት ብሎ ምሎ ተገዝቶ አስመጣቸው፤ ሄደው ያገኙት ሌላ እናት ያለችው ሌላ ልጅ ነበር። ወይዘሮ የብርጓል እዚያው መንገዱ ዳር ተቀመጡና ለብዙ ሰዓት መነሣት አቃታቸው። ከዚያ ወዲህ እንዳላማው «ሳናጣራ አንነሣም» አለ። «እናቴን ሁለተኛ እንዲህ አላያትም።» የኔአለምም ተስማማች።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ወይዘሮ የብርጓል ውኃ ሊቀዱ ደጅ ወጥተው ሳለ ስልኩ ጠራ።

«ሄሎ፣ ይቺ የአፋልጉኙ ቁጥር ናት?»

«አዎ፣ አቤት።»

«ሱሩር እባላለሁ። ደጀን ነው ያለሁት፤ መኪኖቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ሱቅ አለኝ። እህቴ፣ አንድ ሰው በረንዳዬ ላይ ሰንብቷል። ሰው አይነካም፣ አይለምንም፣ ዕቃ ያወርድልኛል። ፎቶውን ሳየው እሱ መሰለኝ። እሱ ነው እንዳልል ደግሞ...»

«እንዳይሉ ምን?»

«ያንቺ ሰው ሙሉ ነው። የኔው ቀኝ ዐይኑ ግማሽ ክድን ነው፤ የተኛ ይመስላል። ደግሞ ከንፈሩ በዚያው ወገን ወረድ ይላል።»

የኔአለም ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ፎቶ ቀና ብላ አየችው። ሁለት ዐይን፣ እኩል የተከፈተ። ቀጥ ያለ ከንፈር። ቁይ መንገድ ዳር የተቀመጡት አማቷ ትዝ አሏት።

«አይደለም» አለች። «የኔ ባል ዐይኑ ደህና ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ፣ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«በይ እንግዲህ፣ አላህ ያገናኛችሁ።»

ወይዘሮ የብርጓል ሲገቡ ማን ነበር አሉ። የተሳሳተ ቁጥር ነው አለች፤ እንዳይጨነቁ ብላ።

ጥቂት ቀናት አለፉ። ከምሳ በኋላ የኔአለም ለአንድ ደንበኛ የቤት ፕላን እየሠራች እንቅልፍ ይጥላት ያዘ። ወይዘሮ የብርጓል ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና ብለው አይዋትና ፈገግ አሉ።

«ተኚ፣ ምን ያታግልሻል? የሺዋስም እንዳንቺ ነበር፤ አልተኛም እያለ ይታገላል። ግን ቀኝ ዐይኑ ታሳብቅበታለች። ከሱ ቀድማ ትተኛለች። ትንሽ ሆኖ የዳዊት ትምህርት ላይ መምህሩ በዚያች ዐይኑ ነበር የሚይዙት፤ ‹አንዷ ተኝታለች፣ ቀስቅሳት!› እያሉ።»

የኔአለም እጇ ላፕቶፑ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ምን አሉኝ?»

«ዐይኑን ነዋ። ሲደክመው። አላየሽውም እንዴ? ባልሽ አይደለም?»

አይታው ነበር። አሁን መጣላት። ማታ ማታ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሠሩ፣ ፊቱን ወደሷ ሲያዞር። ተነሥታ የሰውዬውን ፊት የሠራችበትን ፋይል ከፈተች። ማየት አያስፈልጋትም ነበር፤ የሠራችው እሷ ናት። ግን ከፈተችው።

ፊት የሚሠራ ሰው ሁለቱንም ወገን አይሠራም። ግማሹን ይሠራና ወደ ሌላው ይገለብጠዋል፤ የሙያው ልማድ ነው፣ ድካም ይቀንሳል። የሺዋስን ያነሣችው ሁለቱም ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩ ባደሩበት ማግስት ነበር። ከፎቶዎቹ በወጣው ቅርጽ ላይ የቀኝ ዐይኑ ቆብ ወርዶ፣ ከንፈሩም በዚያ በኩል ላላ ብሎ ታየ። የፎቶው ስሕተት መሰላት። «ቀኝህ ተበላሽቷል» አለችው። የሺዋስ አፋሽጎ «እንግዲያው ግራዬን ድገሚዋ፣ ግራዬ ጨዋ ናት» አላት። ሳቁ። ቀኙን ቆርጣ ጣለችው፣ ግራውን ገለበጠችው፣ ሰውዬው አማረ። የተቆረጠው ግማሽ የትም አልተቀመጠም። ፎቶዎቹን ደግሞ እሱ አጥፍቷቸዋል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት በየቀኑ ያየችው ይህንን ፊት ነው። ባሏ ሥራ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይተኛል፤ ይህኛው ግን ሁልጊዜ ፊት ለፊቷ ነበር። ሱሩር የተባለው ሰው ስለ ባሏ ዐይን ሲጠይቃት ለመመለስ ያየችው ወደ ግድግዳው ነበር።

ደወለች። ኔትወርክ የለም። ደግማ ደወለች። ከዚያ ለወይዘሮ የብርጓል ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የተሳሳተ ቁጥር ያለችውንም ጭምር። ወይዘሮ የብርጓል ምስሩን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። አልጮሁም። «ሂጂ» ብቻ አሏት።

በማግስቱ ከእንዳላማው ጋር ደጀን ሲደርሱ ረፍዷል። ከዓባይ በረሃ የወጡት ከባድ መኪኖች ተደርድረው ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ ጎማ ይረግጣሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ። የሱሩር ሱቅ ሳይጠይቁ ታወቀቻቸው፤ አፋልጉኙ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሱሩር ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ነው። ማን እንደሆኑ ሲነግሩት መጀመሪያ ሚስቱን ጀነትን አየ፣ ከዚያ መሬቱን።

«እህቴ፣ ደውዬልሽ ነበር እኮ።»

«ደውለውልኛል።»

«አይደለም አልሽኝ።»

«ብዬዎታለሁ። ተሳስቼ ነው። የት ነው ያለው?»

«ሄደ» አለች ጀነት ከውስጥ። «ሄደ፣ እናቴ።»

ሱሩር በርጩማ አወጣላት፤ አልተቀመጠችም። ቆማ ሰማችው።

«ይህ ወረቀት የተለጠፈ ዕለት እጁን ይዤ ፊቱ አቆምኩት። ‹ይህ አንተ ነህ?› አልኩት። ብዙ አየው። ጠጋ ብሎ በጣቱ ነካው። ‹አላውቀውም› አለኝ። የኔ ሆድ ግን እምቢ አለ፤ ለዚያ ነው የደወልኩልሽ።»

«ከዚያስ?» አለ እንዳላማው።

«ከዚያማ...» ሱሩር ቆብ ያደረገበትን ራሱን አሻሸ። «‹አይዞህ፣ አንተን አይደለም የሚፈልጉት፤ የሰውዬው ባለቤት እሱ አይደለም ብላለች› አልኩት። የሚያሳድደው ሰው ያለ ይመስለው ስለነበር ይረፍ ብዬ ነው። ወላሂ ይረፍ ብዬ ነው።»

«ምን አለ?» አለች የኔአለም።

«‹ነግሬህ አልነበር?› አለኝ። ሲነጋ ስንነሣ የለም። ጀነት የሰጠችውን ብርድ ልብስ አጥፎ ደረጃው ላይ አስቀምጦታል።»

አንድ የሲኖትራክ ሾፌር ዱላ የያዘ ሰው በእግሩ ቁልቁል ወደ ዓባይ ሲወርድ አየሁ ብሎ ነበር፤ ያም ካለፈ ሰነበተ። እንዳላማው አንድ መኪና ለምኖ እስከ ድልድዩ ወረዱ። በየመታጠፊያው ወርደው ተጣሩ። ገደሉ ስሙን ተቀብሎ መለሰላቸው። ሙቀቱ ልብስ ያስወልቃል፤ ዝንጀሮዎች መንገዱ ዳር ተቀምጠው አይዋቸው። ድልድዩ ጋ ያሉት ሰዎች ፎቶውን አሳዩን አሉ። እንዳላማው ከኪሱ አውጥቶ ሊሰጣቸው ሲል የኔአለም እጁን ያዘችው።

«አታሳያቸው።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«በቃልህ ንገራቸው።»

እንዳላማው ተናገረ። ቁመቱ መካከለኛ፣ መልኩ ጠይም፣ ቀኝ ዐይኑ... ሰዎቹ ተያዩ። ስንቱ ያልፋል እዚህ አሉ፤ አዲስ አበባ የሚሄድ፣ ወደ በረሃው የሚገባ፣ ተመልሶ የማይወጣ። ሲመለሱ የኔአለም የሱሩርን ግድግዳ ጠርዝ በጥፍሯ እየፈለፈለች ወረቀቱን ላጠችው።

ቤት ሲገቡ ወይዘሮ የብርጓል ብቻቸውን መግባታቸውን አይተው አልጠየቁም። የኔአለምም ሱሩር የነገራትን ሁሉ አልነገረቻቸውም። ሄዷል አለች፤ አዲስ ፎቶ መሥራት አለብኝ አለች።

በነጋታው ተቀመጠች። የተገለበጠውን ግማሽ ከሌላው አላቀቀችው። የቀኝ ዐይኑን ቆብ ይዛ ዝቅ አደረገችው። ጌሙን አስነሣች፣ አነሣችው። ካሜራው አሁን አንድም ቀን አያስቸግርም፤ ጠዋትም፣ ማታም፣ የተሰጠውን ፊት ጥርት አድርጎ ያወጣል።

«እንዲህ ነው፣ እማዬ?»

ወይዘሮ የብርጓል ጠጋ ብለው አዩ። «ዝቅ አድርጊው።»

«እንዲህ?»

«በዛ። ይህ የታወረ ነው።»

«እንዲህስ?»

«ዐይኑስ ይሁን። ከንፈሩ ግን... ከንፈሩ እንዲህ አይደለም።»

«ወደ ታች ነው እኮ» አለ በሩ ላይ የቆመው እንዳላማው።

«ወደ ታች አይደለም፤ ወደ ጎን ነው። አንተ ምን ታውቃለህ?»

«ወንድሜ አይደለም እንዴ?»

«እኔስ የወለድኩት አይደለም?»

ከንፈሩን ወደ ጎን ሳበችው። ሰውዬው የሚያሾፍ መሰለ። መለሰችው። ትንሽ ብቻ አወረደችው። የሚያለቅስ መሰለ። ዐይኑን ከፍ፣ ከንፈሩን ዝቅ። ዐይኑን ዝቅ፣ ጉንጩን ሞላ። በእያንዳንዱ ላይ የሆነ ሰው ይወጣል፤ አንዱ የሰካራም ፊት አለው፣ አንዱ የታመመ ሽማግሌ ነው፣ አንዱ እንዳላማውን ይመስላል። የኔአለም ዐይኗን ጨፍና ባሏን ልታየው ሞከረች። ጨለማው ውስጥ ቀና ብሎ ያያት ባለሁለት ግራው ሰውዬ ነው፤ ንጹሕ፣ እኩል፣ ረጋ ያለ።

ውጭ ፀሐይ ከጣሪያው ተሻግራ ግቢው ጥላ ሆነ። ወይዘሮ የብርጓል ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እስቲ የድሮውን መልሺልኝ» አሉ።

መለሰችላቸው። አዩት። 

«ይህን ሳይ ደግሞ ይህ ይመስለኛል» አሉ በለሆሳስ። «ያንን ሳይ ያ ይመስለኛል። ትናንት ዐይኔን ጨፈን ሳደርግ እንኳን ይመጣልኝ ነበር።» እጃቸውን አንሥተው ስክሪኑን ጋረዱት፣ ፀሐይ እንደሚጋርድ ሰው። «ተይው፣ ልጄ። አሁን ከኔም ጠፋ።»

የኔአለም እጇን ከላፕቶፑ አነሣች። እንዳላማው በሩ ላይ እንደቆመ ጉሮሮውን ጠረገ። በየመንገዱ ለተለጠፉት፣ በየሾፌሩ መኪና ውስጥ ላሉት ወረቀቶች ምን ይሻላል፣ ማን ይሰበስባቸዋል ብሎ ጠየቀ።